አያ ጅቦ ምን ሊለኝ ፈልጎ ነው? ከእንስሳ ጋር ስንገጣጠም የምንሠራቸው ስህተቶች

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ የጅብ ድምፅ ለምጃለሁ። ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ታክሲ ልይዝ ስወርድ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። አሥራ አምስት እርምጃ ቢርቀኝ ነው። እኔም ቀጥ አልኩ፣ እሱም ቀጥ አለ። የስልኬ መብራት ሲያርፍበት ዓይኑ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ከዚያ ፊቱን አዞረና ቀስ ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ።

ያን ሰሞን ሥራዬን ልልቀቅ አልልቀቅ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ስለዚህ ታክሲ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ «ይሄ ነገርማ ምልኪ ነው» አልኩ። እንስሳ አይቶ ትርጉም መፈለግ ነውር ነው አልልም። እኔ ራሴ አግኝቼበታለሁ። ግን እስካገኘው ድረስ ከሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻለሁ።

ትርጉሙን ከኢንተርኔት መቅዳት

ማታውኑ ጎግል አደረግኩ። አምስት ጥያቄ መልስ፣ «የመንፈስ እንስሳህን» እንነግርሃለን ይላል። ለእኔ የደረሰኝ ተኩላ ነበር። ተኩላ የት አውቄ!

እንዲህ ያለውን የመንፈስ እንስሳ «ቶተም» የሚሉትም አሉ፤ ቃሉ የመጣው ከሰሜን አሜሪካው የኦጂብዌ ሕዝብ ቋንቋ ነው። እዚያ ነገሩ ከጎሳና ከዘር ሐረግ ጋር የተሳሰረ ነው፤ አንድ ሰው ማታ አልጋው ላይ ተጋድሞ የሚመርጠው ጌጥ አይደለም። ጉጉትም የጥበብ ምልክት ተደርጋ የምትጠቀሰው ከግሪኮቹ የጥበብ አምላክ ከአቴና ጋር በተያያዘ ነው። እኛ ብሎክ ጣሪያ ላይ ጉጉት ስትጮህ ግን ጎረቤቴ እማማ «በጠላቴ!» ብለው ያማትባሉ። እስቲ ሄዳችሁ «እማማ፣ ጥበብ እኮ ናት» በሏቸው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ትርጉም ሳይሆን አይቀርም።

ደግሞ የራሳችን መች አነሰን? የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ያላየ የለም፤ 60 አንበሳና 60 ነብር የተከተሏቸው ጻድቅ ናቸው። ዝቋላ ያለው ገዳማቸው ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። ሐረር ደግሞ በአሹራ ዕለት ቅቤ የጠጣ ገንፎ ለጅቦች ይቀርባል፤ አበላላቸው ታይቶ የመጪው ዓመት ነገር ይነበባል። ልብ በሉ፣ እዚያ ከተማው በጋራ ነው የሚያነበው። «ለእኔ ብቻ መጣ» የሚል የለም።

እንስሳውን ሳያዩ ትርጉሙን ማየት

ዋናው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ጅቡ እኔን ብሎ የመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የራሱ ጉዳይ ነበረው።

ጾም ነው ብያለሁ። ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፣ አጥንትና ትርፍራፊ የለም። በሰሜን ኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የጅብ እዳሪ ውስጥ ያለውን ፀጉር እየለዩ ምን እንደሚበላ አጥንተው ነበር። ጥናቱ የታተመው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጅቦቹ ከሥጋ ቤት ትርፍራፊ ይልቅ አህያ ማደን አብዝተው ተገኙ። የእኛ ጾም ለእነሱ ራብ ነው ማለት ነው። እኔ ገንዳው አጠገብ መልእክተኛ ሲመስለኝ እሱ እራቱን እየፈለገ ነበር።

«እሱ» ማለቴም ራሱ እርግጠኛ የምሆንበት አይደለም። ተረታችን አያ ጅቦ ብሎ ወንድ አደረገው እንጂ በዥንጉርጉር ጅብ መንጋ ውስጥ የምትገዛው ሴቷ ናት። ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መጀመሪያ የምትበላውም እሷ ናት። ያ «ሳቅ» የምንለው ድምፅም ደስታ አይደለም፤ ሲጨነቅ ወይም በግዳይ ላይ ሲጋፋ የሚያሰማው ነው። ማነከሱስ? የፊት እግሩ ከኋላው ስለሚረዝም ወገቡ ያዘቀዝቃል፣ ያነክሳልም ያስመስለዋል። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ያሉት አባቶች በደንብ አይተውታል፤ ተንኮል ያሉት ግን የአጥንት ጉዳይ ነው።

የእማማ ጉጉትም እንደዚሁ። ብሎኩ ሥር ያልተነሳ ፍርስራሽ አለ፣ ፍርስራሹ ውስጥ አይጥ ሞልቷል። ጉጉት አይጥ ካለበት ሌላ የት ትሂድ?

ይህን ማወቅ ትርጉሙን ያጠፋዋል የሚሉ አሉ። እኔን የገጠመኝ ተቃራኒው ነው። የተራበች እናት ልትሆን እንደምትችል ካወቅኩ በኋላ ያ አተያይ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ።

ውሳኔን ለእንስሳ መተው

የሥራ ባልደረባዬ ድመት ስላቋረጠው ብቻ ከመንገድ ተመልሶ የጨረታ ሰነድ ሳያስገባ ቀርቷል። ድመት አቋርጦት በሰላም ውሎ የገባበትን ቀን ማን ይቆጥራል? ምልኪ የሰመረለትን ቀን ብቻ ነው የምናስታውሰው። ለተርጓሚ ገንዘብ መክፈልም ያው ነው። ጠንቋዩ ጅቡን አላየውም፤ ያየው የእናንተን ኪስ ነው።

ነገሩን ሰው ላይ ማላከክ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጅብ በተነሳ ቁጥር ቡዳ የሚባል ወሬ ይከተላል። «ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው አለ» ይባላል፤ ጣቱም ብዙ ጊዜ የሚቀሰረው ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ላይ ነው። በዚህ ወሬ ስንቱ ጎረቤት አጥቷል፣ ስንቷ ልጅ ትዳር ተከልክላለች። ጅቡን ካያችሁ በኋላ የሰው ስም ወደ አፋችሁ ከመጣ ዝም በሉ።

መቅረብ

«አልሸሸኝም፣ ወዶኛል» ማለት አደጋ ነው። ጅብ ሰው ይተናኮላል፤ ደጅ የሚያድሩና ሕፃናት ይበልጥ ይጎዳሉ። ሰው መፍራት ያቆመ ቀበሮ ወይም ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ጠጉር ወይም ቆዳ ለክታብ ብሎ መፈለግም ይቅርባችሁ።

ትልቁን ብቻ መጠበቅ

አንበሳ ካልመጣ ትርጉም የለም ያለው ማነው? ጡብ ተሸክማ ዳገቱ ላይ የቆመች አህያን አንድ ደቂቃ ዓይን ዓይኗን እዩዋት። ሱባ ጫካ ድረስ ወርዳችሁ ጉሬዛ ብታዩም ደስ ይላል፤ ግን ግዴታ አይደለም።

ቶሎ ማውራት

የእኔ ትልቁ ጥፋት። በመጀመሪያው ቀን ለታክሲው ረዳት ስነግረው ጅቡ በአሥራ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ለባልደረቦቼ ስነግራቸው አምስት ሆነ። እሁድ ቡና ላይ ደግሞ አጉረመረመብኝ። እማማ «እና ምን አደረግክ ልጄ?» ሲሉኝ «አፈጠጥኩበት፣ ፈርቶ ሸሸ» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን እኔ ያየሁት ጅብ የለም፤ ለወሬ የሚመች ሌላ ጅብ ነው ያለው።

ደግነቱ ያን ዕለት ታክሲ ውስጥ ስልኬ ላይ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ማንም ሳይሰማው፣ እኔም ሳላሳምረው። ከሳምንት በኋላ ከፍቼ አነበብኩት፦

«ጅብ አየሁ። ፈራሁ። እሱ ከሥራ እየገባ ነው፣ እኔ ገና መውጣቴ ነው። ቀናሁበት።»

ምልኪ የለበትም፣ ተኩላም የለበትም። ግን ሰውነቴ የሚለኝን ከዚያ የበለጠ በግልጽ ያነበብኩበት ጊዜ የለም። ሥራውን አልለቀቅኩም። ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ሌሊት ከቤት ከሚያስወጣኝ ፈረቃ እንዲያወጡኝ ጠየቅኩ።