የበረራ ሰዓትን በጭንቅላት ማስላት

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ «ስንት ሰዓት ይበራል? መቼ ይደርሳል?» እያላችሁ ለምትጨነቁ፦ የመኪና መንገዱን ኪሎ ሜትር እርሱት። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ በባሕር ዳር ዞሮ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። በአየር ግን 420 ገደማ ብቻ ነው።

በስልካችሁ ካርታ ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ መስመር ለኩ። ያገኛችሁትን ለ800 አካፍሉና ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ጎንደር–አዲስ አበባ 1 ሰዓት አካባቢ ይመጣል፤ ፍራንክፈርት–አዲስ አበባ (5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ) 7 ሰዓት። ጄት አየር ላይ በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል፤ ግን ሲነሳና ሲያርፍ ቀስ ይላል፣ መስመሩም ትንሽ ይዞራል። ግማሽ ሰዓቷ ለዚያ ናት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትኬቱ ላይ ነው። የመነሻውም የመድረሻውም ሰዓት የየአገሩ ነው፤ ዝም ብላችሁ አትቀንሱ። ከፍራንክፈርት 22:00 ካለ የእነሱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በእነሱ ክረምት (በብርዳቸው ወራት) እኛ 2 ሰዓት ስለምንቀድም፣ የእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። 7 ሲጨመርበት ከጠዋቱ 1 ሰዓት አዲስ አበባ። በበጋቸው ልዩነቱ 1 ሰዓት ብቻ ነው፣ ይህን አደራ!

መንገድ ላይ ለሚያርፍ በረራ ስሌቱ አይሠራም፤ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላንም ከዚህ ይዘገያል። ወደ አዘዞ (የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ) ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የዕለቱን በረራ አረጋግጡ።