ኢቭ ኦንላይንን ሳይዋጉ መጫወት፦ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ኢቭ ኦንላይን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ የአይስላንዱ ሲሲፒ ጌምስ የሠራው የጠፈር ጌም ነው። ከቻይናው ሰርቨር በቀር ሁሉም ተጫዋች አንድ ዓለም ውስጥ ነው የሚኖረው። ማዕድን ቆፍሮ፣ ነግዶ፣ ዕቃ አመላልሶ፣ የጠፉ ፍርስራሾችን አስሶ ለዓመታት መኖር ይቻላል። ማንም ላይ ሳይተኩሱ። እኔ ጌሙን የምወደው በዚህ በኩል ነው።

ችግሩ፣ «አትንኩኝ» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ከጣቢያ ከወጣችሁ ማንም ሊተኩስባችሁ ይችላል። ስለዚህ ሥራችሁ አጥቂው አይቷችሁ «አያዋጣም» ብሎ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጀማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ችግሮች ናቸው።

«ሰላማዊ ቀጠና ውስጥ እየቆፈርኩ ነበር፤ መርከቤን አፈነዷት»

እያንዳንዱ የኮከብ ሥርዓት የደኅንነት ቁጥር አለው። ከ0.5 እስከ 1.0 ያለው ሃይ ሴክ ይባላል። እዚያ ያለ ሕጋዊ ምክንያት የተኮሰን ሰው ኮንኮርድ የሚባለው ፖሊስ መጥቶ ያጠፋዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮንኮርድ ይቀጣል እንጂ አይከላከልም። 1.0 ላይ በ6 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል፤ 0.5 ላይ ግን 19 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። አጥቂዎቹ ካታሊስት በሚባሉ ርካሽ መርከቦች ተሰባስበው ይመጣሉ። የራሳቸው መርከብ እንደሚጠፋ ከመጀመሪያውም ያውቃሉ፤ ሒሳቡን ሠርተው ነው የመጡት። ለእናንተ ግን ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

መፍትሄው ሰከንዶቹን ማሳጠርና መርከቧን ማጠንከር ነው። በተቻለ መጠን 0.8 እና ከዚያ በላይ ቆፍሩ። ከማዕድን መርከቦቹ ሪትሪቨር ብዙ ትጭናለች፣ ኮቬተር ቶሎ ትቆፍራለች፣ ሁለቱም ግን ስስ ናቸው። ፕሮኪዩረር ጠንካራ ናት። ገቢዋ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም ለሰላማዊ ተጫዋች ከእሷ የተሻለች የለችም ባይ ነኝ። ቦታ ባላችሁበት ሁሉ ምርት የሚጨምር ሞጁል ብቻ አትደርድሩ። ዳሜጅ ኮንትሮልና ሺልድ ኤክስቴንደር የሚባሉትን ማጠንከሪያዎች ግጠሙ። አጥቂዎች ብዙ ጊዜ ቀድመው በስካነር ያዩዋችኋል። ጎናችሁ ያለችው መርከብ ባዶዋን ከሆነች ወደ እሷ ነው የሚሄዱት።

«ኦቶፓይለት ላይ ትቼ ሻይ ላፈላ ሄድኩ፤ ስመለስ ዕቃውም መርከቧም የለም»

ይሄ ከሁሉም የባሰው ነው፤ ብዙ ሀብት የሚጠፋው እዚህ ነው።

ኦቶፓይለት (መርከቧ ራሷን እንድትነዳ የሚያደርገው) ከአንዱ የኮከብ ሥርዓት ወደ ሌላው የሚያሻግረው በር ላይ አያደርሳችሁም። ከበሩ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ያወጣችሁና ቀሪውን መንገድ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ለከባድ የጭነት መርከብ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። በዚያ መሃል አንዱ ጭነታችሁን በካርጎ ስካነር ያነበዋል። ዋጋውን ያሰላል። መርከብ ሲፈነዳ በውስጡ ካለው ዕቃ ግማሽ ያህሉ ይተርፋል፤ ለአጥቂው የሚሆነውም እሱ ነው። ከዚያ ግማሽ ላይ የሚያጠፋቸውን መርከቦች ዋጋ ቀንሶ ትርፍ ካየ፣ አለቀ።

መጀመሪያ ኦቶፓይለትን መንገድ ለማውጣት ብቻ ተጠቀሙበት። መርከቧን በእጃችሁ ንዱ። ቀጣዩን በር መርጣችሁ «ጃምፕ» ስትጫኑ በቀጥታ በሩ አፍ ላይ ደርሳችሁ ትሻገራላችሁ። ከተሻገራችሁ በኋላ ለ1 ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሳችሁ ማንም አያያችሁም። ይህችን ደቂቃ አታባክኗት። በሩ ዙሪያ ማን አለ? ካታሊስቶች ተሰልፈዋል? ቀጣዩን በር ከመረጣችሁ በኋላ ብቻ ተንቀሳቀሱ። መጀመሪያ ተንቀሳቅሶ በኋላ መፈለግ መርከቧን መሃል ሜዳ ላይ ማስጣት ነው።

ሁለተኛው የጭነቱ ዋጋ ነው። አንድ ቢሊዮን ኢስክ (የጌሙ ገንዘብ) የሚያወጣ ዕቃ በስስ መርከብ አንዴ ከመጫን ከፋፍሎ መመላለስ ይሻላል። የጭነት ቦታ የሚያሰፋው ሞጁል የመርከቧን አካል ያሳሳል፤ ውድ ዕቃ ስትይዙ አውጡትና የሚያጠነክር ነገር ግጠሙ። መስመሩንም እዩት። ከትልልቆቹ የገበያ ቦታዎች ከጂታ ወደ ዶዲክሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኡዌዳማ 0.5 ናት፤ ጭነት አዳኞች የሚያደቡባት የታወቀች ቦታ ናት። ከመሄዳችሁ በፊት ካርታው ላይ ባለፈው አንድ ሰዓት ስንት መርከብ እንደፈነዳ የሚያሳየውን ክፈቱ። ቁጥሩ ካበጠ ጣቢያ ገብታችሁ ቆዩ። ዕቃው በጣም ውድ ከሆነ ደግሞ ማስያዣ በሚጠይቅ የማጓጓዣ ውል ለሌላ ስጡት። ቢጠፋ ማስያዣው ለእናንተ ነው።

«ምንም ሳላደርግ ስሜ ቢጫ ሆነ፤ ሁሉም ይተኩስብኛል»

የሌላ ሰው ዕቃ አንስታችኋል። ቢጫ የሆነ ፍርስራሽ ወይም ኮንቴይነር የእናንተ አይደለም። ከዚያ ከወሰዳችሁ ለ15 ደቂቃ ተጠርጣሪ ትሆናላችሁ፤ ኮንኮርድም አያግዛችሁም። አንዳንዱ ሆን ብሎ እንደ ወጥመድ ያስቀምጠዋል። መፍትሄው ቀላል ነው። ከመርከቧ መቆጣጠሪያ አጠገብ ያለችው የሴፍቲ ምልክት ሁልጊዜ አረንጓዴ ትሁን። ስትሳሳቱ ራሷ ትከለክላችኋለች።

የዱዌል (አንድ ለአንድ የመዋጋት) ግብዣ ቢመጣባችሁም «አይ» በሉ። ጨዋታ ብቻ ነው የሚላችሁን አትስሙ። ከተቀበላችሁ ሕጋዊ ውጊያ ነው።

«ኮርፖሬሽን ከገባሁ ወዲህ ሰላም አጣሁ»

ኮርፖሬሽን የተጫዋቾች ማኅበር ነው። ሰላም ማጣቱ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ጦርነት ነው። በጠፈር ላይ የራሱ ሕንፃ ያለው ኮርፖሬሽን ጦርነት ሊታወጅበት ይችላል። ያኔ ጠላት ሃይ ሴክ ውስጥም ቢመታችሁ ኮንኮርድ ዝም ይላል። ከአዋጁ በኋላ ውጊያው እስኪጀመር 24 ሰዓት አለ፤ ማስታወቂያዎቻችሁን አንብቡ። ሕንፃ የሌለው ትንሽ ኮርፖሬሽን ወይም ጌሙ ራሱ የሚመድባችሁ ኮርፖሬሽን ከዚህ ነፃ ነው።

ሁለተኛው ከውስጥ ነው። የአባላት እርስ በርስ መተኮስ የተፈቀደበት ኮርፖሬሽን አለ። ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። «ያለህን ዕቃ ሁሉ ይዘህ ና» የሚል መልማይ ካጋጠማችሁ አትሂዱ።

«አሰሳ ስወጣ ሳላያቸው ይደርሱብኛል»

ጥሩው ሀብት ያለው ከ0.5 በታች ስለሆነ ይህ አይቀርም። እዚያ ኮንኮርድ አይመጣላችሁም። ዓይናችሁ ሎካል የሚባለው የስም ዝርዝር ላይ ይሁን። አዲስ ስም ሲገባ ሥራ አቁማችሁ ውጡ። ዎርምሆል በሚባሉት ስውር መተላለፊያዎች የሚገባባቸው ሥርዓቶች ውስጥ ግን ሎካል ካልጻፉ በቀር ማንንም አያሳይም። እዚያ የቀራችሁ ዲ-ስካን የሚባለው የአካባቢ መቃኛ ነው፤ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 14.3 እጥፍ ያህል ድረስ ያያል። ኮንቴይነር እየከፈታችሁ በየጥቂት ሰከንዱ ቪ የምትለዋን ቁልፍ ንኩ። ክሎክ ያደረገን (ራሱን የሰወረን) መርከብ ግን አያሳይም፤ ስለዚህ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ቶሎ ቶሎ ተመለሱ።

ከበር ወደ በር በቀጥታ መብረር ደግሞ ባብል ውስጥ ሊያስገባ ይችላል፤ ባብል ዋርፕ (የመርከቧን ፈጣን ጉዞ) የሚያግድ ወጥመድ ነው። መጀመሪያ ከመስመሩ ወጣ ወዳለ ፕላኔት አጠገብ ሂዱ፣ በሩን በዲ-ስካን እዩ፣ ከዚያ ሂዱ። መርከቧ ካልተረፈች ቢያንስ ራሳችሁን አትርፉ። መርከቧ ስትፈነዳ የምትቀሩበት ትንሽ ካፕሱል፣ ፖዱ፣ በቅጽበት ይነሳል፤ መርከቧ እየፈነዳች ሳለ ጀምራችሁ ወደ ፕላኔት ዋርፕ ተጫኑ።

«መብራት ሄደ፤ ወይም ኔትወርክ ተቆረጠ»

ለኢትዮጵያ ተጫዋች ይህ ከጠላት አያንስም። መስመር ሲቋረጥ መርከባችሁ በራሷ ዋርፕ አድርጋ ለመሸሽ ትሞክራለች። ውጊያ ላይ ካልነበረች በ1 ደቂቃ ገደማ ከጠፈር ትሰወራለች። ከጌሙ ጠላቶች ጋር ስትታኮሱ ከነበረ ግን 5 ደቂቃ ትቆያለች። ስለዚህ መብራት በሚያስቸግርበት ሰዓት የንግድና የፋብሪካ ሥራችሁን ጣቢያ ውስጥ ሆናችሁ ሥሩ። የኔትወርክ መዘግየት ብቻውን አያስፈራችሁ። ሰርቨሩ ትዕዛዝ የሚቀበለው በሰከንድ አንዴ ስለሆነ ትንሽ ላግ አይጎዳም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከደከማችሁ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢሊት ዴንጀረስ ሌላ መንገድ ይሰጣል። ሲከፈት «ሶሎ» የሚል ምርጫ አለው። ጋላክሲው ያው ነው፣ ገበያውም የጋራ ነው፤ ሌላ ተጫዋች ግን አያገኛችሁም። ብቻችሁን ብትሆኑም ኢንተርኔት ይፈልጋል።