ርካሹ ሽጉጥ ሲነክስ፦ ካዝናውን ሳትፈትሹ ሌላ ነገር አትንኩ

የመጀመሪያ ሽጉጡን የገዛ ሰው መሣሪያው መንከስ (ጥይት ወይም ቀለህ ተቀርቅሮበት መቆም) ሲጀምር በርሜሉን ወይም ስላይዱን፣ ማለትም በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄደውን የላይኛ ክፍል ይወቅሳል። መጠርጠር ያለበት ካዝናው፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበት ተነቃይ ሣጥን ነው፤ ካዝናው ደህና ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ «ላሳምረው» ብሎ የቀየረው ዕቃ። የፋብሪካ ስህተት በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል። የሚከተለው ለ9×19 ሚሊሜትር ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ነው። ከመፍታት በፊት ካዝናውን ነቅሎ ቻምበሩን (በበርሜሉ ጀርባ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ) በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ የታወቀ ስለሆነ አናብራራውም።

ጥይቱ አፍንጫውን ደፍቶ ሲቆም

ቢያንስ ሦስት ካዝና ያስፈልጋል። ከታች በማርከር 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉባቸው። ከአንድ ፓኬት አሥር አሥር ጥይት ሙሉባቸውና ተኩስ ሜዳ ላይ ሞክሩ። በነከሰ ቁጥር የካዝናውን ቁጥርና ስንተኛው ጥይት እንደሆነ መዝግቡ። ችግሩ ቁጥር 2ን ብቻ ከተከተለ ሽጉጡ ነፃ ነው። በሦስቱም ከታየ ብቻ ወደ ሽጉጡ ሂዱ።

ስንተኛው ጥይት ላይ እንደነከሰ ማወቅ ሥራውን ያቀላል። የመጀመሪያው ላይ ከሆነ ካዝናው እስከ አፉ ታጭቋል፣ አዲሱ ሞላም (ስፕሪንጉም) ገና አልለዘበም፤ አንድ ጥይት ቀንሱ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ላይ ከሆነ ሞላው ደክሟል፤ ጥይቱ ወደ ላይ ሳይደርስ ስላይዱ ቀድሞት ያልፋል። እዚህ ላይ ዋናው ጥፋተኛ ሁለት ጥይት የሚጨምረው የካዝና ማስረዘሚያ ነው። ማስረዘሚያውን ገዝቶ አብሮት የሚሄደውን ጠንካራ ሞላ የተወ ሰው የገዛው ሁለት ጥይት ሳይሆን ሁለት ንክሻ ነው።

ሁለት ጥይት ተያይዞ የሚወጣ ከሆነ የካዝናውን ከንፈር (ጥይቱን ከላይ የሚይዙትን ጠርዞች) ከአዲስ ካዝና ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ በካሊፐር፣ በመለኪያ መሣሪያው ለኩ። ሙሉ ካዝና ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ከንፈሩ ይከፈታል። የብረቱን በፒንሳ የሚያጥፉ አሉ፤ ለጥቂት ቀን ይሠራና ተመልሶ ይከፈታል። የፕላስቲኩ ጭራሽ አይታጠፍም። ጣሉት።

ከጽዳት በኋላ የጀመረ ንክሻ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ የገባ ሞላ ነው። በብዙ ካዝናዎች የሞላው የላይኛ ጥምዝ ወደ ፊት ከፍ ይላል፤ ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ካዝና ውስጥ ዘይት አይገባም። ትንሽም ቢሆን አይገባም። ዘይቱ የባሩድ ጥላሸትና አሸዋ ሰብስቦ ጥይት ገፊውን ሳህን ያጣብቀዋል።

ስለዚህ ሽጉጥ ከመግዛታችሁ በፊት የካዝናውን ዋጋ ጠይቁ። ኦርጅናል ካዝና የማይገኝለት ሽጉጥ በርካሽ ተገዛ አይባልም፤ አስመስለው የሚሠሩት ካዝናዎች ብረታቸው ቀጭን፣ ሞላቸው ለስላሳ ነው።

ጥይቱ የሚንሸራተትበትን መግቢያ ማወልወል ካማራችሁ በእጅ፣ በጨርቅና በማለስለሻ ቅባት ብቻ። በሚሽከረከር ማሽን የተነካ መግቢያ ተዳፋቱ ይበላሻል፤ የተበላሸው በርሜል በአዲስ ከመቀየር ሌላ መላ የለውም።

ምላጭ ተስቦ ጥይቱ ሲከሽፍ

አፈሙዙን ደህና አቅጣጫ ላይ እንደያዛችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ አውጥታችሁ የጥይቱን ቂጥ እዩ። ምቱ ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ፈዛዛ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የመቺ መርፌውን ቦይ አድርቁ፤ ዘይት የሞላበት መርፌ ጉልበት ያጣል። ደርቆም ካልተሻለው፣ ምላጩን ለማቅለል የገባውን ለስላሳ የመቺ ሞላ አውጡና የፋብሪካውን መልሱ። ወደ 2.5 ኪሎ የሚጠጋውን የምላጭ ክብደት ወደ 1.6 ኪሎ ማውረድ ለውድድር ሜዳ ነው፤ ለመጀመሪያ ሽጉጥ አይመከርም።

ምላጭ የሚይዙ ክፍሎችን በሞረድ አትንኩ። ማዕዘናቸው ከተበላ ሽጉጡ ሲወድቅ ሊተኩስ፣ ወይም በአንድ ስበት ሁለቴ ሊያፈነዳ ይችላል። ሁለቴ የተኮሰ ሽጉጥ «አንዴ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ የተቀየረውን ዕቃ አውጡና ባለሙያ ይየው። ምን መቀየር እንደሚፈቀድ የአገሩን ሕግ አስቀድማችሁ እወቁ።

ቀለሁ (የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቅርፊት) በስላይዱ መውጫ ተቀርቅሮ ሲቆም

አንድ ሽጉጥ በአንዱ ሰው እጅ ነክሶ በሌላው የማይነክስ ከሆነ አያያዙ ላልቷል፤ አንጓው ሲጎብጥ ስላይዱ ሙሉ መንገዱን አይሄድም። በሁሉም ከነከሰ የስላይዱ ሞላ በጠንካራ ተተክቶ ከሆነ የፋብሪካውን መልሱ፣ የቀለህ ጎታቹን ጥፍር ሥር በጥርስ ብሩሽ ጥረጉ።

ስላይዱ ላይ አዲስ የማነጣጠሪያ መነፅር ከተገጠመ በኋላ ቀለህ አልወጣ ካለ ብሎኑን ጠርጥሩ። ከልክ በላይ የረዘመ ብሎን የጥፍሩን ሞላ ቦይ ይጫናል። ብሎኑን አውጥታችሁ ሽጉጡ ከተስተካከለ ምክንያቱ ተገኘ፤ ልኩ የሆነ አጭር ብሎን ግጠሙ።

ስላይዱ ጥቂት ሲቀረው የማይዘጋ ከሆነ

በርሜሉን አውጥታችሁ ጥይቱን ጣል አድርጉበት። በራሱ ክብደት ገብቶ፣ ሲገለበጥ በራሱ መውደቅ አለበት። አልገባ ካለ ጥይቱ ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ29.69 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። 9×18 ማካሮቭ ከ9×19 ጋር አይቀያየርም፤ «9 ሚሊሜትር» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይታችሁ አትግዙ።

ጥይት አልቆ ስላይዱ ክፍት ሳይቀር ከተዘጋ

አውራ ጣታችሁ የስላይድ መያዣው ላይ ተጭኗል። ካልሆነ ደካማው የካዝና ሞላ ነው።

ድምፁ ደከም ያለ ተኩስ

አቁሙ። ሌላ ጥይት አትተኩሱ። ስላይዱን ስባችሁ የወጣው ቀለህ ብቻ ቢሆንም አትቀጥሉ፤ እርሳሱ (ከቀለሁ ተነጥሎ የሚወነጨፈው አረር) በርሜል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ ፍቱ፣ በርሜሉን በብርሃን አሻግራችሁ እዩ። ተቀርቅሮ ካገኛችሁት በነሐስ ዘንግ ይገፋል፤ በሌላ ጥይት ለማስወጣት የተሞከረበት በርሜል ያብጣል ወይም ይፈነዳል።