የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በወንጀል ያስቀጣ ወይስ አያስቀጣ? ሕዝባዊ ውይይቱን ለሚመሩ

ይህ ውይይት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና በርዕሱ ነው። «ግብረ ሰዶም ሕጋዊ ይሁን?» የሚል ርዕስ ሦስት ጥያቄዎችን ያደባልቃል፦ ድርጊቱ ኃጢአት ነው ወይ? መንግሥት ሊያስርበት ይገባል ወይ? ጋብቻስ ይፈቀድ ወይ? አንዱ ስለ እስር ሲናገር ሌላው ስለ ጋብቻ ይመልስለታል፤ ሳይደማመጡ ሰዓቱ ያልቃል። ርዕሱን አጥብቡት፦ «አዋቂዎች በፈቃዳቸው በግል የሚፈጽሙት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በወንጀል ያስቀጣ ወይስ አያስቀጣ?» «አዋቂዎች» እና «በፈቃዳቸው» የሚሉት ቃላት ከተዘለሉ ንግግሩ ወደ ሕፃናት መደፈር ይዞራል፤ እርሱ ደግሞ ይህ ሕግ ኖረም ተሻረም ወንጀል ነው።

«ግብረ ሰዶም» ፍርዱን በውስጡ የያዘ ቃል ስለሆነ አወያዩ አይጠቀምበት። ተናጋሪ ቢጠቀምበት አታስቁሙት፤ ስድብንና ዛቻን ግን ወዲያው አስቁሙ።

ከየወገኑ ሁለት ተናጋሪ፣ ለእያንዳንዱ 7 ደቂቃ ይበቃል። የሃይማኖት አባቶችን ሁሉ በአንድ ወገን አትደርድሩ። «ኃጢአት ነው፤ እስር ቤት ግን መፍትሔው አይደለም» የሚል ሃይማኖተኛ ከተገኘ፣ ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ መሆናቸውን አዳራሹ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳል።

የሌሎች አገሮችን ተሞክሮ አስቀድማችሁ በአንድ ገጽ አድሉ፤ ለአንዱ ወገን የሚመቸውን ብቻ መምረጥ ግን አመኔታ ያሳጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን አነሳ። በ2019 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕጉን ሲያጸና፣ የቦትስዋና ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ሻረው፤ በ2021 የአገሪቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ሽረቱን አጸና። የኡጋንዳ ፓርላማ በ2023 ቅጣቱን አከበደ። በደንብ ሊብራራ የሚገባው የሲንጋፖር ነው፦ በ2022 ፓርላማው የወንጀል አንቀጹን ሲሽር፣ በዚያው ጊዜ የጋብቻ ትርጉም በፍርድ ቤት እንዳይለወጥ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። «ቅጣቱ ከተነሳ ጋብቻ መከተሉ አይቀርም» ለሚል ስጋትም ሆነ «ሁለቱ አይገናኙም» ለሚል መከራከሪያ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። ድርጊቱ ወንጀል በሆነበት ቦታ ማንንም «ስለ ራስህ ሕይወት መስክር» ብላችሁ መድረክ ላይ አታውጡ፤ ምስክርነቱ ማስረጃ ሆኖ ሊመለስበት ይችላል። የሕግ ወይም የጤና ባለሙያ ጉዳዩን ስም ሳይጠራ ማስረዳት ይችላል። የተሰብሳቢ ስም አትመዝግቡ፣ ታዳሚውን አትቅረጹ። ጥያቄዎች ስም በሌለው ወረቀት ይምጡ፤ አወያዩ መጀመሪያ ለብቻው ያንብባቸው፣ የሰው ስም የተጻፈበትን ወይም «እገሌ እንዲህ ነው» የሚለውን ያስቀር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ «አንተ ራስህ ምንድን ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱን ሳትጠብቁ ጥያቄውን ዝጉ። ዝምታም እንደ መልስ ይቆጠርበታልና።

መጨረሻ ላይ እጅ አታስወጡ። ጎረቤቱ እያየው እጁን የሚያወጣ ሰው ያመነበትን አይናገርም፤ ካወጣም በኋላ ጦሱ ይከተለዋል። ከውይይቱ በፊትና በኋላ በተመሳሳይ ወረቀት በምስጢር ድምፅ ይሰጥ፤ ውጤቱን ካነበባችሁ በኋላ ወረቀቶቹን አዳራሹን ሳትለቁ ቅደዷቸው።