ባሕር ዳር ላይ የገቢ ግብር ለክልሉ ማሳወቅ ያለበት ማን ነው?

መጀመሪያ የሚለየው ግብሩ የማን እንደሆነ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 የፌደራሉን፣ አንቀጽ 97 የክልሉን ድርሻ ያስቀምጣል። ከግለሰብ ነጋዴ፣ ከግል ቤት ኪራይ፣ ከክልል መሥሪያ ቤትና ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ የሚሰበሰበው ግብር የክልሉ ነው። በክልሉ ውሃ ላይ ከሚሰጥ የትራንስፖርት አገልግሎት የሚገኘው ገቢም እዚሁ አንቀጽ 97 ውስጥ ተጽፏል። ስለዚህ ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚያመላልስ የጀልባ ባለቤት ጉዳዩ ከክልሉ ገቢዎች ቢሮ ጋር ነው።

ደመወዝ ብቻ ያለው ሰው አሠሪው ቆርጦ ገቢ ስለሚያደርግለት በዓመቱ መጨረሻ አይሰለፍም። ስህተት የሚበዛው ከደመወዙ ጎን ሌላ ገቢ ያለው ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው የፌደራል መሥሪያ ቤት ስለሆነ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር የደመወዝ ግብሩ ለፌደራል ይገባል፤ ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ለተማሪዎች ካከራየ ግን የኪራዩን ገቢ ራሱ ለክልሉ ያሳውቃል። «ከደመወዜ ተቆርጧል» ማለት ለኪራዩ አይሠራም። ተከራይቶ መልሶ የሚያከራይም ከሚቀበለው ላይ የሚከፍለውን ቀንሶ በልዩነቱ ግብር ይከፍላል። እሱ ካልከፈለ ዕዳው ማከራየቱን ወደፈቀደው የቤቱ ባለቤት ይዞራል፤ ውሉ ላይ ይህን ሳታዩ አትፈርሙ።

የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ደረጃ ሀ የሚባለው ከፍተኛው የግብር ከፋይ ምድብ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው። ዝቅተኛው ደረጃ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ ሐምሌ እንደገባ መሄድ ይሻላል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሽያጩ ትንሽ ቢሆንም ደረጃ ሀ ነው።

የከሰረም ያሳውቃል። ጀልባው ዓመቱን ሙሉ ዳር ላይ ታስሮ ቢከርም፣ ንግድ ፈቃዱና ቲን ቁጥሩ (የግብር ከፋይ መለያው) እስካሉ ድረስ ባዶም ቢሆን ሪፖርት ይቀርባል። ሥራ ያቆመ ሰው ንግድ ፈቃዱን መልሶ ዝም ካለ በገቢዎች መዝገብ ላይ ስሙ እንደ ነጋዴ ይቀጥላል። ሥራ ባቆመ በ30 ቀን ውስጥ ገቢዎች ዘንድ ቀርቦ ምዝገባውን ያሰርዝ።

ሒሳብ የሚይዝ የጀልባ ባለቤት ወጪው የሚወድቅበት በነዳጅ ነው። በጀሪካን ያለ ደረሰኝ የተገዛ ቤንዚን ወጪ ሆኖ አይያዝም። ደረሰኙ ላይ የገዢው ስምና ቲን ቁጥር በትክክል ይስፈር፤ አንድ አኃዝ ቢዛነፍ ተቆጣጣሪው ይጥለዋል። አነስተኛ የሞተር ጥገና የዓመቱ ወጪ ነው፤ አዲስ ሞተር ግን በእርጅና ተቀናሽ በየዓመቱ ይካፈላል እንጂ በአንዴ አይቀነስም። ሆቴልና አስጎብኚ ድርጅት ሲከፍሉ ቅድመ ግብር ካስቀሩ ማረጋገጫውን ያኔውኑ ተቀበሉ፤ ከዓመቱ ግብር ላይ የሚቀነሰው በዚያ ወረቀት ነው።