አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲንሸራተት፦ ክሬን ከመጥራታችሁ በፊት ምን ማየት አለባችሁ?

ነዳጅ ትሰጣላችሁ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይጨምርም። የዓባይን ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ የዙር መቁጠሪያው ከ2,500 ወደ 3,500 ብድግ ይላል፣ ፍጥነቱ ደግሞ እየወረደ ነው። የቆየ አውቶማቲክ መኪና ያለው ሰው ይህን ሲያይ ክው ይላል። አጠገቡ ያለ ሁሉ "ካምቢዮው ሄዷል፣ ይውረድ" ይለዋል።

ካምቢዮ ማውረድ ግን የመጨረሻው እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት ያለ ብዙ መሣሪያ የሚታዩ ነገሮች አሉ። አንዳንዱ ችግር በአንድ ሊትር ዘይት ይፈታል፣ አንዳንዱ በአንድ ኬብል። መኪናውን በገመድ አስጎትቶ ጋራዥ ማድረስ ደግሞ ደህናውን ካምቢዮ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራው ይቅደም።

የምናገረው በተለይ ስለ ቶዮታ ኤ340 ቤተሰብ ነው። እኛ አገር በቆዩት ሃይለክስ ሰርፍ፣ ፎርራነር እና ፕራዶ ላይ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2004 የተሠራው ባለ ቪ6 ታኮማ ላይ ያለው ይኸው ነው። ሌላ ካምቢዮ ከሆነ አካሄዱ ያው ነው፣ ቁጥሮቹ ግን ይለያያሉ።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ መንሸራተት ነው?

ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ካምቢዮው ማርሽ ቀንሶ ዙሩ ከፍ ይላል። ያ ጤና ነው። ዙሩ አንዴ ይወጣል፣ እዚያው ይቆያል፣ መኪናውም ይስባል። ሲንሸራተት ግን ዙሩ እግራችሁን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል፣ መኪናው አይከተልም። ዙሩም ፍጥነቱም አብረው እምቢ ካሉ ጥፋቱ ካምቢዮው ላይ አይደለም። ሞተሩን ወይም ይዞ የቀረ ፍሬን እዩ።

ከጎናችሁ ሰው አስቀምጡና ዳሽቦርዱን በስልክ ይቅረጽላችሁ። የሞተሩ ድምፅ፣ ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ከተቀረጹ በኋላ ለመካኒክ ለማስረዳት አትቸገሩም።

ዘይቱን በትክክል መለካት

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተር ጠፍቶ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግን የሚለካው ሞተር እየሠራ ነው። ጠፍቶ ከለካችሁ ዘይቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ሞልቶ ይታያችኋል፣ ውስጡ ግን ጎድሎ ሊሆን ይችላል።

መኪናው መሄድ ከቻለ ሩብ ሰዓት ያህል ቀስ ብላችሁ ንዱት። ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ሜዳ ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ በሚኒሞ ይሥራ። የእግር ፍሬን ረግጣችሁ ካምቢዮውን ከፒ እስከ ኤል፣ ከኤል እስከ ፒ አመላልሱት፣ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ቆም እያላችሁ። ከዚያ ሞተሩን ሳታጠፉ መለኪያውን አውጡ፣ ጥርት ባለ ጨርቅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡና አውጡ። የሁለቱ ጎን ንባብ ከተለያየ ዝቅተኛውን ያዙ። ዘይቱ ከሁለቱ የሙቅ ምልክቶች መሃል መሆን አለበት። መኪናው ጭራሽ የማይሄድ ከሆነ በቀዝቃዛው ምልክት ንባቡን ገምቱ።

ከመለኪያው ላይ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ጣል አድርጉ። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡኒ ከሆነ ደህና ነው። ጠቁሮ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ብናኝ ትቶ ከተንሰራፋና ቁልቁለት ላይ የጋለ ፍሬን ዓይነት ሽታ ካለው፣ ያ የተቃጠለ ፌሮዶ ነው። ካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹን የሚይዙት ዲስኮች ፌሮዶ የለበሱ ናቸው። ሌላ መጥፎ ምልክት አለ፦ ዘይቱ የእንጆሪ ጁስ በወተት የመሰለ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለ ቱቦ ነው፣ እሱ ሲቀደድ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። እንዲህ ከሆነ ሞተሩን አጥፉ፣ ከዚህ በኋላ አንድ ሜትር አትንዱት።

ዘይቱ ከጎደለ የሄደበት ቦታ አለ ማለት ነው። ካምቢዮ እንደ ሞተር ዘይት አይበላም። ከራዲያተሩ የሚመጡትን ጎማ ቱቦዎችና የዘይት መያዣውን ጋስኬት ዙሪያ በእጃችሁ ዳብሱ።

ስትጨምሩ በመለኪያው ቀዳዳ፣ በረጅም ማንቆርቆሪያ፣ በትንሽ በትንሹ እየለካችሁ ጨምሩ። ከልክ በላይ ከሆነ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሰጥም፣ እንደገና ይንሸራተታል። የዘይቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ መለኪያው ላይ ተጽፏል፦ በቆዩት ዴክስሮን 2 ወይም 3፣ በኋለኞቹ ቲ-4። "የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ" ብላችሁ ብቻ አትግዙ፣ ባለ 90ውን የማንዋል ዘይት ሊሰጧችሁ ይችላሉ። "መንሸራተት ያቆማል" እያሉ የሚሸጡትን ጠርሙሶች በፍጹም አልመክርም። ያለቀ ፌሮዶ በፈሳሽ አይተካም።

ዘይቱ ደህና ከሆነ፦ የትኛው ማርሽ ነው የሚስተው (የሚንሸራተተው)?

ይህ የምርመራው ልብ ነው። ካምቢዮው ውስጥ ያሉት የዲስክ ጥቅሎች (ክላች ወይም ብሬክ ይባላሉ) እያንዳንዳቸው የሚሠሩበት ማርሽ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሚስተውን ማርሽ ካወቃችሁ የታመመውን ክፍል ሳትፈቱ ታውቃላችሁ።

ወደፊት በሁሉም ማርሽ ይስታል፣ በአር (በኋላ ማርሽ) ግን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል? የወደፊቱ ክላች ነው፣ እሱ በሁሉም የፊት ማርሾች ውስጥ አለ፣ በአር ውስጥ የለም። አንደኛና ሁለተኛ ደህና ሆነው ሦስተኛ ሲገባ ዙሩ ብድግ ይላል፣ በአርም ይስታል? ሦስተኛና አር አንድ ክላች ይጋራሉ፣ ጥፋቱ እሱ ላይ ነው። በአር ብቻ ይስታል፣ በኤል ቁልቁለት ስትወርዱም ሞተሩ መኪናውን አይዝም? የአንደኛና የአር ብሬክ የሚባለው ነው። አራተኛው ላይ ብቻ ከሆነ የኦቨርድራይቩን ቁልፍ (አራተኛውን ማርሽ የሚያበራና የሚያጠፋውን) አጥፉና ንዱ። ችግሩ ከጠፋ የኦቨርድራይቩ ብሬክ ነው፣ እንዲህ አድርጋችሁም ቀስ ብላችሁ ቤት መግባት ትችላላችሁ።

በ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ዙሩ ትንሽ ብድግ ብሎ የሚመለስ ከሆነ አትደንግጡ። ሎክ-አፑ (ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ የሚያያይዘው ክላች) ሲለቅ እንዲህ ይሆናል። ነዳጁን ሳትለቁ ፍሬኑን በግራ እግር ነካ አድርጉት፣ ያው ዝላይ ከመጣ ተፈጥሮው ነው።

በሁሉም ማርሽ፣ አርን ጨምሮ የሚስት ከሆነስ? ሁሉም ዲስኮች በአንድ ጊዜ አያልቁም። የጋራ የሆነው ግፊቱ ነው፦ ዘይት፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ ፓምፕ፣ ወይም ኬብል። ተስፋ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ፈጣን ፈተና ይኸውላችሁ። በሚኒሞ፣ ፍሬን ረግጣችሁ፣ ከኤን ወደ ዲ አስገቡና ጫን የሚለው ስሜት እስኪመጣ ድረስ ቁጠሩ። ቶዮታ የሚፈቅደው ከ1.2 ሰከንድ በታች ነው። ከኤን ወደ አር ከ1.5 በታች። በየመሃሉ አንድ ደቂቃ ኤን ላይ እየቆያችሁ ሦስት ጊዜ ሞክሩና አማካዩን ያዙ። ሁለቱም ከዘገዩ ግፊቱ ዝቅ ብሏል።

ማንም የማያየው ኬብል

ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚወርድ ቀጭን ኬብል አለ። ብዙ ሰው የነዳጅ ኬብል ይመስለዋል። ሥራው ሌላ ነው፦ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ለካምቢዮው "ግፊት ጨምር" ይለዋል። ከላላ ሞተሩ ጉልበት ሲያወጣ ግፊቱ ዝቅተኛ ሆኖ ይቀራል፣ ዲስኮቹም ይስታሉ። በዚሁ ከተነዳ ደግሞ በእውነት ይቃጠላሉ።

የጎረቤቴ ሰርፍ የዚህ ዓይነት ነበር። ዳገት ላይ ይስታል። የወሰደበት ጋራዥ ካምቢዮውን አወረደለት። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ተገዝቶ ገባ። አዲሱም ያንኑ አደረገ። ኬብሉን ያየ ሰው አልነበረም። ሞተር ተሠርቶ ሲገጠም ኬብሉ በቦታው አልተመለሰም ኖሯል። ኮፈኑን ከፍተን እኔ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስረግጥ እሱ አየው፦ ከጎማ ሽፋኑ ጫፍ እስከ ኬብሉ ላይ እስካለችው ትንሽ እብጠት ያለው ርቀት የጣት ውፍረት ነበር። መሆን ያለበት ከዜሮ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ብሎን አላልተን አስተካከልነው።

እናንተም እንዲሁ እዩት። ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንድ ሰው ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይርገጥ። ርቀቱ ከበዛ አስተካክሉ። ከልኩ በላይ ግን አታጥብቁት። አንዳንዱ ያለቀ ካምቢዮ ለመሸጥ ሆን ብሎ ያጠብቀዋል፣ መንሸራተቱ ለጊዜው ይደበቃል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ማርሹ ሲገባ እየደነገጠ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ኬብል እዩ።

ኤሌክትሪክ ይሆን?

የኦቨርድራይቭ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ኮምፒውተሩ ኮድ ይዟል። በቆዩት ላይ ቁልፉን ከፍታችሁ፣ ኦቨርድራይቩን አብርታችሁ፣ በምርመራ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1ን በሽቦ ስታገናኙ መብራቱ ቁጥር ይቆጥራል። 62 እና 63 የማርሽ ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የዘይት ቫልቮች)፣ 64 የሎክ-አፕ፣ 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰሮች ናቸው።

መብራቱ ባይበራም መለያ መንገድ አለ። በካምቢዮው ጎን የሚገባውን የሶሌኖይድ ሶኬት ንቀሉ። አሁን ኮምፒውተሩ ከጨዋታ ውጪ ነው፦ ኤል አንደኛ፣ 2 ሦስተኛ፣ ዲ አራተኛ ይሆናል። ጭር ባለ ቦታ በኤል ተነሱ፣ ከዚያ ወደ 2፣ ከዚያ ወደ ዲ። ጥርት አድርጎ ከያዘ ጥፋቱ ሽቦ ወይም ሶሌኖይድ ነው፣ ካምቢዮው አይወርድም። እንደ ቀድሞው ከሳተ ጥፋቱ ውስጥ ነው። ሶኬቱን መልሱና ኮዱን አጥፉ።

ፍሬን ረግጦ ነዳጅ እስከ መጨረሻ በመስጠት የሚደረገውን ፈተና መካኒኮች ይወዱታል። እኔ ዘይቱ ከሸተተ መኪና ላይ አይደረግ እላለሁ። ካደረጋችሁት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ፣ ፊት ለፊት ሰው አይቁም፣ ከ5 ሰከንድ አይለፍ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። ዙሩ የመኪናው መጽሐፍ ላይ ካለው ዝቅ ቢል ካምቢዮውን አትክሰሱ።

መሄድ ካልቻለ እንዴት ይወሰድ?

በገመድ አይጎተት። ዘይቱን የሚያዞረው ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የኋላ ጎማዎች ሲዞሩ የካምቢዮው የውስጥ ዕቃዎች ዘይት ሳይደርሳቸው ይሽከረከራሉ። ከአዳማ አዲስ አበባ እንዲህ የተጎተተ ካምቢዮ ደህና ይደርሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ሎቤድ ላይ መጫን ከሁሉም ይሻላል። ክሬን ብቻ ከተገኘ የኋላ ጎማዎቹ ይነሱ። አብዛኛው ፕራዶ ግን አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የተያያዘ ስለሆነ አራቱም ከመሬት መነሳት አለባቸው። ገፍቶ ማስነሳትም አውቶማቲክ ላይ አይሠራም፣ ልጆች ሰብስባችሁ አትድከሙ።

ጋራዥ ስትደርሱ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት የዘይት መያዣው ፊታችሁ ይከፈት በሉ። ውስጡ ማግኔቶች አሉ። ማግኔቱ ላይ ለስላሳ ግራጫ ጭቃ ቢኖር የእድሜ ነው፣ ይጠረግና ፊልትሮ ተቀይሮ ይገጠማል። ስንጥር ብረት ወይም ቢጫ የነሐስ ቁራጭ ካገኛችሁ ወይም ታቹ በጥቁር ፌሮዶ ከተሸፈነ ግን ያን ጊዜ ይውረድ።