መንጋጋ ሲያብጥ፦ ከምን መጣ፣ ምን እናድርግ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ ለምትኖሩ ነው በተለይ ይሄን የምጽፈው። ዳር አካባቢ ማታ ላይ ታክሲ ስለማይገኝ ያበጠ መንጋጋ "እስኪ ነገ ይታያል" እየተባለ ነው የሚከፋው፣ ስለዚ ገና ቀን እያለ ከምን እንደመጣ መለየት አለባችሁ።

ጥርስ ሲጠዘጥዝ ሰንብቶ ጉንጭ ካበጠ

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ ስሩ ጋ መግል ይቋጥራል። ሰው የሚሸወደው ህመሙ ድንገት ሲጠፋ ነው፣ ተሻለኝ ብሎ ይተወዋል፣ ግን የጥርሱ ነርቭ ሞቶ ሊሆን ይችላል መግሉ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። አፍ ውስጥ መጥፎ ጣዕም መጥቶ እብጠቱ ቢቀንስም ያው ነው፣ መግሉ ፈነዳ እንጂ ምንጩ አልደረቀም።

ቤት ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ መጉመጥመጥና መትፋት፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ በውጭ በኩል 10 ወይም 15 ደቂቃ መያዝ፣ ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት። ለአዋቂ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ እንዳያልፍ፣ ጉበት ያመመው ሰው ግን መጀመሪያ ይጠይቅ። አይቡፕሮፌን ጨጓራና ኩላሊት ላለበት ወይም ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

እባካችሁ በመርፌ አትውጉት፣ በትኩስ ነገር አትተኩሱት፣ ነጭ ሽንኩርትም አስፕሪንም ድድ ላይ አታስቀምጡ ስጋውን ያቃጥለዋል። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ደግሞ እብጠቱን ለጊዜው ሊያበርደው ይችላል፣ ጥርሱ ግን እዛው ስላለ ተመልሶ ይመጣል፤ መፍትሄው መግሉን ማፍሰስ፣ ሩት ካናል (የጥርሱን ውስጥ አጽድቶ መሙላት) ወይም ማስነቀል ነው። "እብጠቱ ሳይጎድል አይነቀልም" ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፣ እሱን የጥርስ ሀኪሙ አይቶ ይወስን።

ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ጋ አብጦ አፍ አልከፈት ካለ

ጥርሱ ግማሹ ብቻ ወጥቶ የሸፈነው ድድ ስር ምግብ ገብቶ ቆስሎ ሊሆን ይችላል። በጨው ውሃ እያጠባችሁ ሀኪም ጋ ሂዱ።

ከጆሮ ፊትና ስር ካበጠ፣ ትኩሳት ካለው

በተለይ ልጅ ከሆነ ጆሮ ደግፍ ሊሆን ይችላል። ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይሰራለትም፣ እረፍት፣ ፈሳሽና እንደ ኪሎው የተለካ ፓራሲታሞል ነው፣ ለልጅ አስፕሪን በፍጹም። ካበጠ ጀምሮ 5 ቀን ትምህርት ቤት አይሂድ። ጎረምሳ ልጅ የዘር ፍሬው ካበጠ፣ ወይም ማንኛውም ልጅ ከባድ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ከመጣበት ቶሎ ይታይ።

ምግብ ሲበላ አብጦ ቆይቶ የሚጎድል ከሆነ

የምራቅ መውረጃው በትንሽ ጠጠር ተዘግቶ ይሆናል። ውሃ በደንብ መጠጣት፣ ሎሚ መምጠጥ፣ አገጭ ስሩን ቀስ ብሎ ማሸት ይረዳል፣ ትኩሳት ከመጣ ግን ጤና ጣቢያ።

አገጭ ስር ወይም አንገት ላይ ንፍፊት

ጉሮሮ ወይም ጥርስ ሲታመም ይመጣና ይጠፋል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ በተለይ ክብደት መቀነስና ሌሊት ላብ ካለ፣ የቲቢ ምርመራ ጠይቁ፤ መንግስት ጤና ጣቢያ ምርመራውም መድሃኒቱም በነጻ ነው።

ከባጃጅ ወድቆ ወይም ተመቶ ካበጠና ጥርሶቹ እንደ ድሮው አልገጥም ካሉ ስብራት ነው ብላችሁ አስቡ፣ ወጌሻ ጋ ሳይሆን ራጅ ወዳለበት ውሰዱት።

በዚያው ሰዓት መሄድ ያለበት

እብጠቱ ከአገጭ ስር በሁለቱም በኩል ጠንክሮ ምላስን ወደ ላይ ከገፋ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ድምጽ ከተቀየረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም እብጠቱ ወደ አይን ከወጣ አይታደርም። ምላስ ስር የገባ መግል የአየር መተላለፊያን በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። በሽተኛውን በጀርባው አታስተኙት፣ ቁጭ ይበል። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሉ፣ እስኪመጣ ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ፣ ሰፈር ውስጥ መኪና ያለውን ሰው በር አንኳኩና ቀድሞ በተገኘው ሆስፒታል አድርሱት።